የአባቶችን ስም ስለ መፈለግ

ከባቢሎን ምርኮ ወደ ኢየሩሳሌም ከተመለሱት ሕዝብ መካከል የክህነት ወገን ነን የሚሉ አንዳንድ ቤተ ሰቦች ነበሩ። መጽሐፈ ዕዝራ በ2ኛው ምዕራፍ እንደሚተርከው እነዚህ ሰዎች የአባቶቻቸውን ስም በትውልድ መዝገብ ፈለጉ፤ ነገር ግን አላገኙትም። ስለዚህም ከክህነት አገልግሎት ተለይተው ቆዩ። ከእነርሱ አንደኛው ወገን ስለ ምን እንደ ጠፋ መጽሐፉ ምክንያቱን ሳይሸሽግ ይናገራል፤ ይኸውም አባታቸው ከገለዓዳዊው ከቤርዜሊ ልጆች አንዲቱን አግብቶ በአማቱ ቤት ስም ስለ ተጠራ ነው። አንድ ሰው ስሙን ለወጠ፤ ከብዙ ዘመንም በኋላ የልጅ ልጆቹ በመዝገብ ደጃፍ ቆመው ቀሩ። ሆኖም አገረ ገዡ ነገሩን ፈጽሞ አልዘጋውም፤ በኡሪምና በቱሚም የሚጠይቅ ካህን እስኪነሣ ድረስ ጉዳያቸው እንዲቆይ አደረገ እንጂ።

ይህ ጥንታዊ ታሪክ የትውልድ መጽሐፍ ሁሉ ሁለት ፊት እንዳለው ያስረዳል። ስሙ ለተገኘው ሰው ርስትና ክብር ነው፤ ስሙ ላልተገኘው ግን የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ የዘሩን ሐረግ ሊመረምር የሚነሣ ሰው ምን መጽሐፍ መግለጥና ማንን መጠየቅ እንደሚገባው ብቻ ሳይሆን፣ ያገኘውን ነገር እንዴት እንደሚመዝነው፣ ስለ ምንስ እንደሚፈልገው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። ለዚህ ትምህርት የሚሆን ታላቅ ምሳሌ በቅርብ ዘመን የተገኘው ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በእንግድነት ከኖሩባት ከሪያድ ከተማ ነው።

ሪያድ በዐረብ ምድር መካከል፣ ነጅድ በሚባለው ከፍተኛና ደረቅ አገር የምትገኝ ከተማ ናት። ንጉሥ ዐብዱል ዐዚዝ ኢብን ሰዑድ በ1902 በድንገት ገብተው በያዟት ጊዜ በጭቃ ጡብ ቅጥር የታጠረች፣ በተምር አትክልት የተከበበች አነስተኛ ከተማ ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የሚል የተጨመረበት ዘመን እንደ ኢትዮጵያ፣ ያልተጨመረበት ደግሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ኋላ የነዳጅ ዘይት ሀብት በመጣ ጊዜ አሮጌው ቅጥር ፈረሰ፤ ከተማይቱም በአራቱ ማዕዘን ሰፋች። በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ነዋሪዎቿ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሆነው ተገኙ።

አስቀድሞ በነጅድ ሰው የሚታወቀው በሚጠጣው የጕድጓድ ውሃ፣ ግመሉን በሚያሰማራበት መስክና አብሮት በሚሰፍረው ወገኑ ነበር። የማን ልጅ እንደ ሆነ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም ነበር። ዘላኑ ድንኳኑን ነቅሎ፣ የመንደሩም ሰው እርሻውን ትቶ ወደ ከተማ በገባ ጊዜ ግን ጎረቤት ከጎረቤት የማይተዋወቅ ሆነ። የቃል ምስክር ሲጠፋ የጽሑፍ ምስክር ተፈለገ። በሪያድ የትውልድ መጻሕፍት የበዙበት ምክንያት ይህ ነው።

እርግጥ ነው፤ የትውልድ ዕውቀት በዐረቦች ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። በ7ኛው መቶ ዓመት ኸሊፋ ዑመር ለሠራዊታቸው ደመወዝ የሚከፈልበትን መዝገብ ባሠሩ ጊዜ ሦስት የትውልድ ዐዋቂዎች ተመርጠው ስሙን በየነገዱ እንዲያሰልፉ ታዘዙ። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው የትውልድ መዝገብ የእንጀራ መዝገብ ነበረ ማለት ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሞተው የኩፋው ሊቅ ኢብን አል ከልቢ የዐረብን ነገዶች ትውልድ በሰፊው ጻፈ። ከእርሱም በኋላ በእስፓኝ አገር የኮርዶባው ኢብን ሐዝም (994–1064) የቀደሙትን መጻሕፍት ሰብስቦ ሌላ ታላቅ መጽሐፍ አዘጋጀ። እነዚህ ሁለቱ እስከ ዛሬ ድረስ የትውልድ መርማሪዎች መሠረት ናቸው።

ይሁን እንጂ ከዚያው ወገን የተነሣው የታሪክ ፈላስፋ ኢብን ኸልዱን (1332–1406) ለመርማሪዎች ሁለት ብርቱ ማስጠንቀቂያ ትቶላቸዋል። አንደኛው፣ የዘር ዝምድና ጥቅሙ ሰዎችን በመተሳሰብና በመረዳዳት ማስተሳሰሩ ነው፤ እጅግ የራቀና ማንንም ከማንም የማያስተሳስር ሐረግ ግን ባዶ አሳብ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው የሒሳብ ሕግ ነው፤ ይኸውም በ100 ዓመት ውስጥ ሦስት ትውልድ እየቈጠሩ የአባቶችን ቍጥር ከዘመኑ ቍጥር ጋር ማስተያየት ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ወይ ስም ጐድሏል፣ ወይ ዘመን ተሳስቷል።

የእነዚህን ሊቃውንት ፈለግ ተከትለው በሪያድ የተነሡት ሼኽ ሐመድ አል ጃሲር ናቸው። እኒህ ሰው በ1910 ገደማ በነጅድ፣ አል ቡሩድ በምትባል መንደር ከድኻ ቤት ተወለዱ። በሪያድና በመካ ተምረው በመምህርነትና በዳኝነት አገለገሉ፤ ለጥቂት ጊዜም በካይሮ ከፍተኛ ትምህርት ቀጠሉ። በ1953 «አል የማማ» የተባለውን መጽሔት መሠረቱ፤ ይህም በሪያድ ከተማ የመጀመሪያው መጽሔት ነው። ስሙም የሪያድ አካባቢ በጥንት ዘመን ይጠራበት የነበረው ስም ነው። በ1966 ደግሞ ስለ ዐረብ ምድር ታሪክ፣ መልክዐ ምድርና ትውልድ የሚመረምር «አል ዐረብ» የሚባል ሌላ መጽሔት አቋቁመው በ2000 እስከ ሞቱ ድረስ በዚሁ ሥራ ጸኑ።

የእኒህ ሊቅ የአሠራር መንገድ ለመርማሪ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። በመጀመሪያ የብራና መጻሕፍትን ፍለጋ ወደ ቱርክና ወደ አውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ተጓዙ፤ ስለዚሁም ጉዞ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፉ። ሁለተኛ፣ የነገድን ስም ከቦታ ስም ለይተው አላዩም፤ ጕድጓዱ፣ ሸለቆውና መንደሩ ከታወቀ ሰዎቹ ከየት እንደ መጡ ይታወቃልና፣ ስለ አገሩ መልክዐ ምድር የሚናገር መዝገበ ቃላትም አዘጋጁ። ሦስተኛ፣ በመጽሔታቸው የአንባቢዎችን ጥያቄና እርማት ተቀብለው ያትሙ ነበር። የተጻፈው ነገር በሕያዋን ምስክሮች ፊት ቀርቦ እንዲፈተን ማድረጋቸው ነበር።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ በ1981 በነጅድ ከተሞችና መንደሮች የሰፈሩትን ቤተ ሰቦች ትውልድ የሚሰበስብ መጽሐፍ በሁለት ክፍል አሳተሙ። መጽሐፉ የቤተ ሰቦችን ስም በፊደል ተራ እየጠራ ከየትኛው ነገድ እንደ ወጡና የት እንደ ሰፈሩ ያመለክታል። ከእርሱም በኋላ ሌሎች መርጃዎች ተጨመሩ። በ1987 ሼኽ በክር አቡ ዘይድ የትውልድ ሊቃውንትን በየዘመናቸው የሚዘረዝር መጽሐፍ በሪያድ አሳተሙ፤ ስለዚህም መርማሪው ማን ምን እንደ ጻፈ አስቀድሞ ለማወቅ ቻለ። በ1972 የተመሠረተውና በንጉሥ ዐብዱል ዐዚዝ ስም የሚጠራው የታሪክ ምርምር ቤትም የቆዩ ሰነዶችን ይሰበስባል።

ከዚህ በላይ የተነገረው የመጽሐፉ አንደኛ ፊት ነው። ሁለተኛው ፊት ግን የሚያሳዝን ነው። በነጅድ ልማድ ሕዝቡ በሁለት ይከፈላል። የነገድ ሐረጉ የታወቀለት «ቀቢሊ» ይባላል፤ ሐረጉ ያልታወቀለት፣ ወይም አባቱ ከነገዱ ተለይቶ በእጅ ሥራ የኖረ ደግሞ «ኸዲሪ» ይባላል። ሁለቱ በአንድ ሃይማኖት፣ በአንድ ቋንቋና በአንድ ከተማ እየኖሩ በጋብቻ ግን አይቀላቀሉም ነበር። የ1981ዱ መጽሐፍ ይበልጥ የሚናገረው የነገድ ሐረግ ስላላቸው ቤተ ሰቦች ነው። ስሙ ያልተገኘ ቤተ ሰብ ልጁን ሊድር በተነሣ ጊዜ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ማንም ሊያስተውለው ይችላል። ስለዚህም ብዙዎች ስማቸው እንዲገባ፣ ወይም የተጻፈው እንዲታረም መማለዳቸው አያስደንቅም።

ይህ ነገር በአሳብ ብቻ የሚቀር አልነበረም። በ2005 በሰሜኑ ክፍል ያለ አንድ ፍርድ ቤት በሰላም ይኖሩ የነበሩ፣ ልጆችም ያፈሩ ባልና ሚስት እንዲለያዩ ፈረደ። ምክንያቱም የሚስቲቱ ወንድሞች «የባልየው ዘር ከእኛ ዘር ያነሰ ነው፤ ሐረጉንም ሸሽጎ አገባ» ብለው በመክሰሳቸው ነው። በ2007 በሪያድ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸና። ሴቲቱ ግን ወደ ወንድሞቿ ቤት አልመለስም ብላ በእስር ቤትና በመጠለያ ብዙ ጊዜ ቆየች። በመጨረሻ በ2010 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ጋብቻቸውን መለሰላቸው። እነሆ፣ የአያት ቅድመ አያት ስም ሕያዋን ባልና ሚስትን እስከ መለየት ደረሰ። በዚያው አገር ይህን ፍርድ የነቀፉ ብዙዎች እንደ ነበሩም ሊነገር ይገባል።

አሁን ከነጅድ ወደ ኢትዮጵያ መለስ ብሎ ማስተያየት ይገባል። የኢትዮጵያ ሰው እንደ ዐረብ ትውልድ ይቈጥራል፤ ነገር ግን የሚቈጥርበት ምክንያት ልዩ ነው። በነጅድ ሐረግ የሚመረመረው ተጋቢዎች በዘር እኩያ መሆናቸውን ለማወቅ ነው፤ የአጎትን ልጅ ማግባትም የተወደደ ነው። በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ ግን ትውልድ የሚቈጠረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጋብቻ በሚናገርበት ክፍል የማይጋቡትን ዘመዶች ይዘረዝራል፤ የሕዝቡም ልማድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ያስቈጥራል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ልጆቻቸውን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያሰኙ በቃል ያስጠኑ ነበር። በኢብን ኸልዱን ሒሳብ ቢታሰብ ሰባት ትውልድ 230 ዓመት ያህል ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ሰባት ቤት ሲቈጥር ወደ 1760 ዓ.ም. ገደማ፣ ወደ ጎንደር ነገሥታት ዘመን ይደርሳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ርስት ነው። በጎጃም፣ በጎንደርና በሌሎችም አውራጃዎች መሬት የሚገኘው ምድሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት በመወለድ ነበር። ባለርስት ነኝ የሚል ሰው በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ከራሱ ጀምሮ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ስም በስም ይቈጥራል፤ መንገዱም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ነው። ስለዚህ የሴት አያቶች ስም አይጣልም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ሲታወጅ ግን ይህ ሕግ ቀረ። ድኻው መሬት አገኘ፤ ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን ስም መቍጠር እንጀራ የማያስገኝ በሆነ ጊዜ ልጆች ከሽማግሌ እግር ሥር መቀመጥን ተዉ። ያልተጻፈውም ዕውቀት ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ መቃብር ወረደ።

ሆኖም ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ አባቶች እንደ ሪያድ በፊደል ተራ የተሰለፈ የቤተ ሰብ መጽሐፍ ባይተዉም፣ ስሙን በቅዱሳት መጻሕፍት ኅዳግ ጽፈውት ይገኛል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው፣ በ1280 ገደማ ለአባ ኢየሱስ ሞዓ የተጻፈው ወንጌል ስለ ገዳሙ የሚናገሩ ማስታወሻዎች በውስጡ ይዟል። በጎንደር ዘመን፣ በተለይም በ18ኛው መቶ ዓመት፣ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ ከምስክሮቹ ስም ጋር በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ይመዘገብ ነበር። ከ1973 ጀምሮ ቤተ ክህነት ከውጭ አገር ምሁራን ጋር ሆና ወደ 9,000 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እንዲነሡ አድርጋለች፤ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኔሶታ ይገኛል። ፎቶግራፍ ከተነሡት መጻሕፍት አንዳንዶቹ እናታቸው ብራና በጦርነትና በእሳት ብትጠፋ እንኳ ቃላቸው ይነበባል።

ከታተሙትም መጻሕፍት መካከል ለመርማሪ የሚረዱ አሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» የብዙ ሰዎችን ስምና ሥራ በአጭሩ ይናገራል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያወጡት «ዝክረ ነገር» ደግሞ የመሬት ሥሪትን፣ ማዕርግንና የመንግሥት ሥርዐትን ስለሚዘረዝር፣ አያቱ በምን ማዕርግና በምን መሬት እንደ ኖሩ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ታላቅ መርጃ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ መጻሕፍት ይበልጥ የሚያወሱት የታወቁ ሰዎችን ነው። አራሹ፣ ሸማኔው፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ በእነዚህ ገጾች አይገኙም። በኢትዮጵያም ባለእጅ በሙያው ይናቅ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት ስለዚህ ነው። እንግዲህ ነጅድን ብቻ መንቀፍ አይገባም።

መርማሪው ሐረግ ባገኘ ጊዜም ሊመዝነው ይገባል። ለዚህ መነኮሳት ከራሳቸው መጻሕፍት ምሳሌ ያገኛሉ። የኢትዮጵያ የምንኵስና ትውልድ ሲቈጠር ከአባ እንጦንስ ወደ አባ መቃርስና አባ ጳኵሚስ፣ ከእርሱም ወደ አባ አረጋዊ፣ ከዚያም በክርስቶስ ቤዛና፣ በመስቀል ሞዓና በዮሐኒ በኩል ወደ አባ ኢየሱስ ሞዓ ይወርዳል። አባ አረጋዊ የ6ኛው መቶ ዓመት ሰው ናቸው፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ የ13ኛው። በመካከል ያለው 700 ዓመት ያህል ሲሆን የተጠሩት ስሞች ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ሒሳቡ ወደ 20 ስም ይፈልጋል። ታዲያ ሐረጉ ሐሰት ነውን? አይደለም። ወንጌላዊው ማቴዎስም ከኢዮራም በኋላ አካዝያስን፣ ኢዮአስንና አሜስያስን ትቶ ወደ ዖዝያን ተሻግሯል። ሐረግ ሁሉ አንዳንዱን ስም ይጠራል፣ አንዳንዱን ይተዋል፤ «ወለደ» የሚለውም ቃል ዘወትር አባትና ልጅን ብቻ አያመለክትም። ይህን ያወቀ ሰው በጐደለው ስም አይሰናከልም፤ የጐደለውንም ስም ከራሱ ፈጥሮ አይሞላም።

ከዚህ ቀጥሎ የስም ነገር አለ። ለአውሮፓና ለዐረብ ሰው የተጻፉ የትውልድ መምሪያዎች የቤተ ሰብን ስም ተከትሎ ወደ ኋላ መሄድን ያስተምራሉ። ይህ ለኢትዮጵያዊ አይረዳም፤ የአባቱ ስም ለልጁ ልጅ የአያት ስም ሆኖ ከዚያ በኋላ ይጠፋልና። በዚህ ላይ አንዱ ሰው የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ ጌታ ከሆነ የፈረስ ስም፣ ከመነኰሰም የምንኵስና ስም ይኖረዋል። በአንዱ መዝገብ ያለው «ወልደ ሚካኤል» በሌላው መዝገብ በቤት ስሙ ተጽፎ ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ጠያቂው ለእያንዳንዱ አባት ስሞቹን ሁሉ፣ የተወለደበትን አገር፣ የተጠመቀበትን ደብርና የእናቱን ወገን አንድ ላይ ይጻፍ። ከሁለት ምስክር ያልሰማውን ከአንድ ምስክር የሰማሁት ብሎ ይለየው። የሚያሳፍር መስሎ የታየውንም ነገር አይፋቅ፤ ሄሮድስ በትውልዱ አፍሮ የዕብራውያንን የትውልድ መዝገብ እንዳቃጠለ ዩልዮስ አፍሪካኖስ ጽፏል፤ እውነትን ግን እሳቱ አላጠፋትም፤ አንዳንዶች በቤታቸው ቅጂ፣ ሌሎችም በቃላቸው ይዘው ቆይተዋልና።

እነዚህ ምክሮች ለሪያድ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያስፈልጋሉ። ከጥንት ጀምሮ ብዙ ሰዎች ከኢትዮጵያ ምድር በባርነት ተሽጠው ወደ ዐረብ አገር ተወስደዋል። ከባሪያ መጀመሪያ የሚወሰደው የአባቱ ስም ነው፤ ጌታው ሌላ ስም ያወጣለታልና። ኢትዮጵያ በ1934 ዓ.ም. ባርነትን በአዋጅ ከለከለች፤ በሰዑዲ ዐረብ የተከለከለው በ1962 ነው። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ስማቸውን በወንጌል ኅዳግ ቢፈልጉ አያገኙትም፤ በነጅድ የትውልድ መጽሐፍም ቢፈልጉ የእናቶቻቸው አገር አልተጻፈም።

ከእነርሱ በኋላ ደግሞ በገዛ ፈቃዳቸው ለእንጀራ የሄዱ መጡ። ከአሮጌው የሪያድ ከተማ በስተ ደቡብ ማንፉሓ የሚባል ሰፈር አለ። ጥንት ራሱን የቻለ መንደር ነበረ፤ አል አዕሻ የተባለው የታወቀ የዐረብ ባለቅኔ ከዚያ እንደ ወጣ ይነገራል። ኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ኖሩበት። በኅዳር 2006 ዓ.ም. የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው እንዲወጡ በተደረገ ጊዜ በዚያ ሰፈር ብጥብጥ ተነሥቶ ሰው ሞተ፤ በጥቂት ወራትም ከሰዑዲ ዐረብ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት ከ160,000 በላይ ነበሩ። ከሄዱት መካከል አንዳንዶቹ ሥራ ለማግኘት ሲሉ በፓስፖርታቸው ላይ የራሳቸው ያልሆነ ስም፣ የአባታቸው ያልሆነ የአባት ስም አስጽፈው እንደ ነበረ የታወቀ ነገር ነው። በዚያም ያለ ፈቃድ ከኖሩ ወላጆች የተወለዱ ሕፃናት የልደት ምስክር ወረቀት ለማግኘት ተቸግረዋል።

እንግዲህ የቤርዜሊ ነገር ተመልሶ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ለእንጀራ ሲል ስሙን የለወጠ ሰው በችግር ነውና የሠራው ሊፈረድበት አይገባም። ነገር ግን እውነተኛውን ስም ለልጁ ሳይነግረው ቢሞት፣ ልጁ አንድ ቀን በመዝገብ ደጃፍ ቆሞ «አባቴ ማን ነበረ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መዝገቡም የውሸቱን ስም ይመልስለታል። ልጁ ሰባት ቤት ሊቈጥር ቢነሣ ገና በመጀመሪያው ቤት ይደናቀፋል፤ ሳያውቅም ዘመዱን ሊያገባ ይችላል። ይህን የሚከለክለው ብዙ ወጪ ወይም ታላቅ ትምህርት አይደለም። ወላጅ በሕይወቱ ሳለ በፓስፖርት የተጻፈውን ስም በአንድ ወገን፣ በጥምቀት የወጣውን ስም በሌላ ወገን፣ ከእናትና ከአባት በኩል ያሉትን አያቶችና የመጡበትን ደብር ከሥር አድርጎ ቢጽፈው ይበቃል። ሁለት ቅጂ አድርጎም አንዱን በቤት፣ አንዱን በነፍስ አባቱ ዘንድ ያኑረው።

የትውልድ መጽሐፍ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ሼኽ ሐመድ አል ጃሲር በብዙ ድካም ምስክሩን ሰበሰቡ፤ ምስክሩን ዳኛ ያደረጉት ከሳሾችና ፈራጆች ናቸው። የማቴዎስ ወንጌል የትውልድ መዝገብ ከአባቶች ስም መካከል ትዕማርን፣ ከኢያሪኮ የወጣችውን ረዓብን፣ ሞዓባዊቱን ሩትንና የኦርዮን ሚስት አግብቶ ጽፏል። ጸሐፊው ሊተዋቸው በቻለ ነበር፤ ሦስት ነገሥታትን የተወ ሰው እነዚህን ሴቶች ግን አልተወም። ስለዚህ ሐረጉን የሚጽፍ ሰው ባዕድ ነች ተብላ የተናቀችውን አያቱን፣ ባለእጅ ነው ተብሎ የተሸሸገውን አያቱን በስማቸው ይጥራቸው። ስሙን ያላገኘም ሰው አባት እንደሌለው አይቍጠር፤ ለእርሱም ነገሩ ገና አልተዘጋም።

ተሳላሚ ወደ ገዳም ሲመጣ የሙታኖቹን የክርስትና ስም ለጸሎት ማስጠራቱ የቆየ ልማድ ነው። መነኵሴው ሲጽፍ ተሳላሚው አንድ በአንድ ያስታውሳል፤ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የእናቱን እናት፤ ከዚያ በላይ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። እንግዲህ ወደ አገሩ ሲመለስ በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች ይጠይቅ፤ በሪያድ ወይም በሌላ ሩቅ አገር ልጅ ካለው ያገኘውን ስም ሁሉ ጽፎ ይላክለት።